ጥር በነጠላ ጫማ

ሚኒሶታ የቀረው ጓደኛዬ ጥር ሲገባ ይደውልና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም "ምን ለብሰሃል?" ይለኛል። ክፉ እንዳታስቡ። የአየሩን ነገር መጠየቁ ነው። የአትላንታን ሙቀት ስልኩ ላይ ማየት ይችላል፣ ያየዋልም፤ ግን ከእኔ አፍ ካልሰማ አያምንም። እኔም "ቲሸርት" እለዋለሁ። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ይሰድበኛል። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ማዘር ደህና ናቸው የሚለው የሚመጣው ስድቡ ካለቀ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር በየቀኑ ቲሸርት አይደለም። አትላንታ በጃንዋሪ ቀኑ በአማካይ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ዜሮን ይጠጋል። አልፎ አልፎ ግን 18 እና 20 የሚገባባቸው ቀናት አሉ፤ እኔ ስልኩን የማነሳው እንደምንም ብዬ በእነዚያ ቀናት ነው። እማዬ "ይሄማ የአገራችን የታኅሣሥ ብርድ ነው" ትላለች። ልክ ናት። ጠዋት ጋቢ፣ ረፋድ ላይ ሹራብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ፈልጎ በር ላይ መቀመጥ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ግን አለ፤ ይሄን ወቅት ምን ብዬ ልጥራው? ክረምት ማለት ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የበቆሎ ጥብስ፣ ዝግ ትምህርት ቤት። ጥርማ በጋ ነው፣ የሰርግና የጥምቀት ወር። እዚህ ሆነህ ጥር ላይ "ክረምት ነው" ስትል አፍህና ጭንቅላትህ ይጣላሉ። እማዬ ጭራሽ አልተቀበለችውም። ልጄ ክረምት የሚባለውን ነገር ከእሷም ከእኛም ስለሰማ፣ የቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል ውስጥ "ክረምትን ሳሉ" ሲባሉ ዝናብ፣ የመዋኛ ገንዳና የበረዶ ሰው ባንድ ወረቀት ላይ ስሎ መጣ። መምህሩ እርማት አልሰጠውም። ምን ብሎ ያርመው?

ሚኒሶታ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። አገሩን አላማም። ሥራ የሰጠኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችበት አገር ነው። ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2019 ጃንዋሪ 30 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገባች። ፖስታ ቤት እንኳ ዛሬስ አልወጣም ብሎ ደብዳቤ ሳያድል ዋለ። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ "በዚህ ሰፈር ሰው መኖሩን በምን እናውቃለን?" አለችኝ። ከየቤቱ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ጭስ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዕቃችንን ጭነን ወደ ደቡብ ነዳን።

ብርዱንማ ትለምደዋለህ። እኔ ያልለመድኩት ሰው ሰው ቤት በቀጠሮ መሄዱን ነው። ጓደኛህ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው የሚኖረው፤ ግን ልጆቹን ለማልበስ ሩብ ሰዓት፣ መኪናው ላይ የጋገረውን በረዶ ለመፋቅ ሩብ ሰዓት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ሌላ ሩብ ሰዓት፣ ደርሰህ ደግሞ ያን ሁሉ ጫማና ካፖርት በር ላይ አውልቀህ እንደገና ለመልበስ። ስለዚህ ትደውላለህ። "መንገዱ ይጠረግና እንገናኛለን" ይልሃል። መንገዱ ይጠረጋል። በማግስቱ እንደገና ይጥላል። እንዲህ እያልን አንድ ከተማ ውስጥ ሆነን ከኅዳር እስከ መጋቢት በስልክ የምንጠያየቅ ሰዎች ሆንን።

ቡናውም ቢሆን መከራ ነበር። መስኮት አይከፈትም። ባለቤቴ ትቆላለች፣ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ጣሪያው ላይ ያለችውን አላርም በፎጣ አራግብላታለሁ። አላርሟ ከጮኸች የሕንፃው ሰው በሙሉ በፒጃማ ወደ በረዶው ሊወጣ ነው። አንድ ቀን ወጥቷልም። ከዚያ ወዲህ የተቆላ ቡና እየገዛን፣ ጭስ የሌለው፣ እጣን የሌለው፣ ጎረቤት የሌለው ቡና እንጠጣ ነበር።

አትላንታ የያዝነው ቤት ጋራዥ ነበረው። መኪና ገብቶበት አያውቅም። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ ባለቤቴ ረከቦቷን፣ ጀበናዋን፣ አንዲት የካምፕ ምድጃና አምስት የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወረደችና በሩን ወደ ላይ አነሳችው። የጋራዥ በር ሲነሳ አንድ ሙሉ ግድግዳ ነው የሚነሳው፤ ቤትህ ወደ መንገድ ይከፈታል። ቄጠማ አልነበረንም። የግቢውን ሣር አጭዳ ጎዘጎዘች። ቡናው ተቆላ፣ ጭሱ ወጣ፣ የጮኸ አላርም የለም። ሁለተኛው ጀበና ላይ ከማዶ ያለው ኤርትራዊ ጎረቤታችን፣ እስከዚያ ቀን እጅ ብቻ የምንነሳሳ ሰው፣ ውሻውን እየጎተተ መጣ። "ከጥግ ጀምሮ ይሸታል" አለ። ወንበር ሳንሰጠው ተቀመጠ።

አሁን በሰፈሩ ያልተጻፈ ሕግ ሆኗል፤ ጋራዡ ክፍት ከሆነ ቡና አለ። ማንም አይደውልም። ኡበር የሚነዳው ጓደኛችን መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ስልኩን አጥፍቶ ይገባል። ነርሷ ከሌሊት ፈረቃ መልስ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ወንበር ላይ ታንቀላፋለች፤ ማንም አይቀሰቅሳትም፣ ስኒዋ ብቻ ይሞላል። እኔ ኤርፖርት ነው የምሠራው። ተራዬ ሌሊት ከሆነ ጠዋት ስመለስ ገና ከመታጠፊያው ላይ ሆኜ በሩ መነሳቱን አያለሁ፣ ማን እንደመጣ ደግሞ ከቆሙት መኪኖች አውቃለሁ። ፖስተኛው እንኳ ለምዷል። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይጠጣል፣ በረካ ላይ ግን አንድም ቀን አልደረሰም፤ እማዬ ለእሱ በጣም ታዝንለታለች፣ ምርቃት ሳያገኝ የሚሄድ ሰው ነው የምትለው።

ግራ ጎናችን ያሉት ጎረቤት ሰባዎቹን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጆርጂያ ተወልደው ጆርጂያ ያረጁ። የደቡብ ሰው ትልቅ ሰውን በደረቁ ስሙን አይጠራም፤ "ሚስ" ብሎ ነው ከመጀመሪያ ስማቸው ጋር የሚጠራቸው፣ ሕፃኑም ጎረምሳውም። ይሄን ሳይ ነው ደቡብን የወደድኩት መሰለኝ። እማዬ "ሚስ" የሚለው አልመጣላትም። ባገሯ ወግ "እትዬ" አለቻቸው። ሴትዮዋ ስም ያወጣችላቸው መሰላቸውና ደስ አላቸው፤ አሁን ስልክ ሲደውሉ "እትዬ ነኝ" ይላሉ። ልጆቼም ትምህርት ቤት "የስ ማም፣ ኖ ሰር" ማለት ተምረዋል። እማዬ "ማም" ስትሰማ "እማ" ያሏት ይመስላታል። ተርጓሚ ሳያስፈልግ የተግባቡበት ቃል ስለሆነ ማንም አላረማትም።

የጎመኑ ታሪክ የሚመጣው ከእነዚህ እትዬ ጋር ነው።

በደቡብ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 1፣ የግድ የሚበላ ምግብ አለ፤ ጎመንና ዓይኗ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ነጭ አተር። ጎመኑ የወረቀት ብር ነው፣ አተሯ ሳንቲም ናት። የበላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ኪሱ አይደርቅም። ጎመኑ ደግሞ እኛው ከአገር ቤቱ የሚቀርብ ብለን በየሳምንቱ እየገዛን የምንሠራው፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ኮላርድ የሚባለው ነው። ሁለት ሕዝብ ሳይነጋገር አንድ ጎመን ላይ ተገናኝቷል።

እማዬ በመጣችበት ዓመት እትዬ በጃንዋሪ 1 አንድ ድስት ጎመን ይዘው መጡ። እማዬ ጾም ላይ ናት። ጾመ ነቢያት፣ ለገና ስድስት ቀን ቀርቶታል። ክዳኑን ከፍታ ጎመን ስታይ ፊቷ በራ። "እሰይ! እነሱም ይጾማሉ ለካ!" እንጀራ ዘርግታ ልታወጣ ስትል ባለቤቴ ማማሰያ ነከረችና ከሥር አንድ ቁራጭ ሥጋ አወጣች። የበግ ቢሆን ምናለ። የአሳማ እግር ነው፣ በጭስ የደረቀ። ደቡቦች ጎመን ያለ እሱ አይሠሩም። እማዬ እጇን ሰበሰበች፣ አማተበች፣ ከዚያ ወደ በሩ አይታ "ሴትዮዋ እንዳትሰማ" አለች። እኔ በዚያ ድስት ምን እንዳደረግሁ አልናገርም። ድስቱ ግን ባዶውን አልተመለሰም፤ እማዬ ምስር ወጥ ሞልታ ሰደደችው።

በሁለተኛው ዓመት ልጄ ቀድማ ነግራቸው ነበር። እትዬ ድስቱን ይዘው ገና ከአጥሩ ማዶ "አሳማ የለበትም!" እያሉ መጡ። እውነት ነው፣ የለበትም። የተርኪ ክንፍ ነው ያለበት። ሴትዮዋ በኩራት ቆመው እማዬን ያያሉ። እማዬ ክንፉን ታያለች። ከዚያ እናቴ፣ እኛ ልጆቿን በአንዲት ጉርሻ ምክንያት ገርፋን የምታውቅ ሴት፣ እትዬን ሁለቱን ጉንጫቸውን ስማ ድስቱን ተቀበለችና ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። "ለገና ይሆናል" አለች። ሆነም።

ዘንድሮ እትዬ ታኅሣሥ ውስጥ መጥተው እኛ ኩሽና ቆሙ። ልጄን በመሀል አስተርጓሚ አድርገው ጥያቄ ጀመሩ። ሥጋ? አይቻልም። ቅቤ? አይቻልም። የዶሮ መረቅ? ዶሮም ሥጋ ነው። እንቁላል? ወተት? እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው "ታዲያ ምን ቀረ?" አሉ። እማዬ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው። በጃንዋሪ 1 ጠዋት አብረው ሠሩት። ሁለቱም ማማሰያውን አለቅም ስላሉ ጎመኑ ሁለት ጊዜ ተማሰለ። እትዬ ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉ። "አንድ ነገር ጎድሎታል" አሉ። ምን እንደጎደለው ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛ ሳህን ግን ወሰዱ። አተሯን እማዬ በበርበሬ ቀይ ወጥ አድርጋት ስለነበር፣ ዘንድሮ የሚገባልን ሳንቲም ሁሉ እያቃጠለን ነው የሚገባው ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ስለ በርበሬ ካነሳሁ፣ እማዬ አንድ ጃንዋሪ ፀሐይ አየሁ ብላ ዛላውን መኪና ማቆሚያው ላይ በአንሶላ አሰጥታው ነበር። ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ መጣ፤ "ቀይ ቁሶች" ይላል። ደብዳቤውን ተርጉሜ ሳነብላት "ቁስ አባቱ ነው" አለች። አሁን የምታሰጣው በጓሮ ነው።

አትክልትና ቅመም የምንገዛው ዲኬተር ካለው ከዲካልብ የገበሬዎች ገበያ ነው። ስሙ ገበያ ይበል እንጂ መጋዘን በሉት። የሠራተኞቹ ደረት ላይ የሚናገሩት ቋንቋ ተጽፏል፣ "አማርኛ" የሚለውን ያየች ቀን እማዬ ቲማቲሙን ትታ ከልጅቷ ጋር ግማሽ ሰዓት አወራች፤ የእናቷን ሰፈር ሳታውቅ አልተመለሰችም። የሚገርመው ብርዱ ነው። አትክልቱ እንዳይጠወልግ ውስጡን በጣም ያቀዘቅዙታል። እዚህ ከተማ በጃንዋሪ ሰው ከውጭ ወደ ቤት ሲገባ ጃኬት የሚደርብበት ቦታ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከመምጣቷ በፊት እማዬ ስለ አትላንታ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፋጡማ ሮባን። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ እዚህ ገና ጠዋት፣ ፋጡማ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው በዚህች ከተማ ነው። እማዬ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ስታይ ቡናዋ አርሮባታል፤ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። እንግዲህ ያን ሩጫ በልቧ ይዛ ነው የመጣችው፣ እና አንድ ቅዳሜ ስቶን ማውንቴን ወሰድናት። ከከተማው ምሥራቅ ያለ አንድ ወጥ ግዙፍ ድንጋይ ነው፣ በእግር የሚወጣው መንገድ አንድ ማይል ግድም። እኔ ግማሹ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚኒሶታው ጓደኛዬም በዚያ ሳምንት እኛ ጋ ነበር፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ ነው የተቀመጠው። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በዚያች የላስቲክ ጫማ ቀጥ ብላ ወጣች። ለነገሩ አይገርምም። የተራራው ጫፍ 514 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ተራራ በአራት እጥፍ ከፍ ብላ ኖራ ነው የመጣችው። ጫፉ ላይ ቆማ ከተማውን አየችና "የት ጋ ነው ፋጡማ የሮጠችው?" አለች። እጄን ወደ ሕንፃዎቹ ዘረጋሁ። በግምት ነው።

የጥምቀት በዓል ብዙ ጊዜ የሚከበረው ቅዳሜና እሁድ ተጠብቆ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ። አንዳንድ ዓመት ግን ጥር 11 እና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን አንድ ላይ ይውላሉ፤ በፈረንጆቹ 2015 እንደዚያ ነበር፣ በ2026ም ገጠመ። ኪንግ የተወለደው እዚሁ አትላንታ ኦበርን ጎዳና ላይ ነው፣ ጃንዋሪ 15፣ 1929፤ ስለዚህ በዓሉ እዚህ የጎረቤት ልደት ያህል ነው። ሚኒሶታ ሳለን ጥምቀትን አዳራሽ ውስጥ ነበር የምናከብረው፤ የሐበሻ ቀሚስ ከላይ ካፖርት፣ ከሥር የበረዶ ቦት። ፎቶው አለኝ። ባለቤቴ ለማንም እንዳላሳይ አስምላኛለች።

ደቡብ ግን ገነት ነው እያልኩ አይደለም። በጋውን፣ ማለቴ የእነሱን በጋ፣ ባላነሳው ይሻላል። ክረምቱም ቢሆን ጠባዩ የማይታመን ነው። ሰኞ ሣር ላይ ተቀምጠህ ረቡዕ በረዶ ሊሆን ይችላል። ያ ወሬ ከመጣ ደግሞ ከተማው ጤናውን ያጣል፤ ዳቦና ወተት ከመደርደሪያው ላይ ይጠፋል። ሚኒሶታ የኖረ ሰው ይሄን ሲያይ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ኡበር ነጂው ጓደኛችን ግን አይስቅም። እሱ የ2014ቱን አይቷል። ጃንዋሪ 28 ቀን ነው፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ በረዶ ጣለ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ሰዓት ወደ ቤቱ ወጣ፣ መንገዱ ወደ በረዶ መስታወት ተለወጠ። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ አደሩ። ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አደሩ። ጓደኛችን መኪናውን ጥሎ በእግሩ ሲሄድ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በሩን ክፍት አድርጎ አገኘ፤ ከቀለም ቆርቆሮዎች መሀል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲያወራ ነጋለት። ታሪኩን ባወራው ቁጥር የሰዎቹ ቁጥር ይጨምራል። ባለፈው ሳምንት ሰማንያ ደርሰው ነበር።

ልጆቼ ደግሞ በተቃራኒው በረዶ ይመኛሉ። አንድ ጣት ያህል ሲጥል ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መንሸራተቻ ስለሌለን የእናታቸውን የመጋገሪያ ትሪ ይዘው ይወጣሉ፣ በረዶው ስስ ስለሆነ በጭቃ ላይ ይንሸራተቱና ቡናማ ሆነው ይገባሉ። በዚያ ቀን ብቻ ጋራዡ ይዘጋል። ቢሆንም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንኳኳት ይሰማል። እትዬ ናቸው፣ የባላቸውን የድሮ ካፖርት ደርበው፣ በሩ ለምን እንደተዘጋ ሊጠይቁ።

ይሄን ስጽፍ ሚኒሶታው ደወለ። ትኬት ቆርጧል፣ ማክሰኞ ማታ ይገባል። "ምን ልያዝ?" አለኝ። የአየሩን ትንበያ ከፍቼ አየሁ። ረቡዕ 19 ዲግሪ፣ ጥርት ያለ ፀሐይ። ሐሙስ ማታ የበረዶ ማስጠንቀቂያ።

"ነጠላ ጫማ" አልኩት። ስለ ሐሙስ አልነገርኩትም።